ኦቦ ገመቹን ውሃ ላይ መያዝ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ 4፡30

ከውሃ መልስ። ቁምጣዬ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል፤ ነፋሱ ሊነጥቀው ነው። ሕመም፦ ስሄድ 6፣ ስመለስ 4። ሌንሳ የሕመሙን ቁጥር ብቻ ከአሥር ይጻፉ ነው ያለችው። ደብተሩ ግን ወፍራም ነው፤ በቁጥር ብቻ አይሞላም። እንግዲህ ታገሰኝ፣ አንተ ደብተር።

ዛሬ ፍል ውሃው ገንዳ ውስጥ እስከ ወገቤ ገብቼ ከግድግዳ ግድግዳ ሃያ ጊዜ ተራመድኩ። ውሃው ከመሬት እንደወጣ ነው፣ ለብ ይላል። ክራንቹን ዳር ላይ ትቼው ነው የምገባው። እግሬን ሳነሳ ከሥር የሚያግዘኝ ነገር አለ። ዳሌዬ ውስጥ ያስገቡት ብረት እዚያ ውስጥ ይጠፋል፤ የት እንደሚሄድ እንጃ። ከመሰላሉ ስወጣ ይመለሳል። ከነጓደኞቹ።

ከጠዋት እስካሁን ያናገረኝ ሰው ሌንሳ ብቻ ናት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፣ ዕድሜዋ ከልጄ ያንሳል። ያለችኝም "ጉልበት ከፍ፣ ጋሼ። ትንፋሽ አይያዙ" ነው።

ምሳ፦ የትናንቱን ሽሮ አሙቄ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ። ከሰዓት

1 ሰዓት ላይ መናኸሪያ። ከዚያ ሁላችንንም አንድ ሚኒባስ ወደ ፍል ውሃው ይወስደናል። እኔ ጋቢና ነኝ፣ ሾፌሩ ጎን። ኩርባ ላይ ዘግይቶ ነው ፍሬን የሚይዘው። ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል፣ ሳላውቀው። ሠላሳ አንድ ዓመት በከባድ መኪና ከነተሳቢው ጅቡቲ የተመላለሰ እግር። አሁን ባዶ ወለል ይረግጣል።

ዛሬ አዲስ ሰው መጣ። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። የአቦምሳ ገበሬ፣ ሰባ የሞላቸው። ስትሮክ መትቷቸው ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ሰንፈዋል፤ አፋቸውም በትንሹ ወደ አንድ ወገን ሄዷል። አዳማ ልጃቸው ቤት ተቀምጠው ነው የሚታከሙት። ልጁ ቶሎሳ የሕንፃ ዕቃ መደብር አለው፣ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት መናኸሪያ አድርሷቸው ይሮጣል።

ሌሎቹ ሦስት ሴቶች ናቸው። ከነቀሚሳቸው ይገባሉ፣ በዚያኛው ጥግ ለብቻቸው ይሳሳቃሉ። ስለዚህ ሌንሳ እኔንና ኦቦ ገመቹን አጣመረችን።

"አካም ቡልቴ" አሉኝ። ደህና አደርኩ አልኳቸው። ከዚያ ሁለት ሽማግሌ፣ ደረት ድረስ ውሃ ውስጥ፣ ክንድ እየዘረጋን እየሰበሰብን።

ሕመም 5።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ። ረፋድ

መንሳፈፍ። ዛሬ የተጀመረው እሱ ነው።

አንዱ በጀርባው ይተኛል፣ ሌላው ከራሱ በኩል ቆሞ ጭንቅላቱን በሁለት መዳፉ ይይዛል። ጆሮ ውሃ ውስጥ። ዓይን ወደ ሰማይ። ጡንቻ ሁሉ ይላላል፣ አከርካሪ ይዘረጋል አለች ሌንሳ። መጀመሪያ እርስዎ ይተኙ አለችኝ።

እምቢ አልኩ። ዳሌዬ አይፈቅድም አልኩ። ውሸት ነው። ለአንተ ልንገርህ፦ ጭንቅላቴን ለሰው እጅ አልሰጥም። መኪና ላይ ሌላ ሰው መሪ ከያዘ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም።

ኦቦ ገመቹ ግን ዞሩና ጀርባቸውን ሰጡኝ። "ያዝ" አሉ፣ ከረጢት እንደሚያቀብል ሰው። ተዘረጉ።

የሰው ጭንቅላት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ነጭ ፀጉራቸው በጣቶቼ መሃል ይንሳፈፋል። መጀመሪያ አንገታቸው እንጨት ነበር። ቆይቶ፣ ምናልባት አምስት ደቂቃ፣ ለቀቀ። መዳፌ ላይ ተሰማኝ፣ ልክ ሲለቅ። ያ የሰነፈ ግራ እጃቸው ብቻውን ተነስቶ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ጣቶቹ ተከፈቱ።

ሌንሳ አጨበጨበች። ሴቶቹም።

ቤት ገብቼ መዳፌን ሳየው ቆየሁ። ሰው ከነካሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ከባለቤቴ ከአስካለ ቀብር በኋላ ያቀፉኝን ለቀስተኞች ካልቆጠርኩ... ተወው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ሳምራዊት ከዱከም ደወለች። ልጄ። ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ በፈረቃ፣ እሑድ ብቻ ነው ድምፅዋ ያረፈ የሚመስለው። አባዬ ብቻህን አትሁን፣ እኛ ጋ ና አለች። አንድ ክፍል ቤት ናቸው፣ ከባሏና ከሕፃኑ ጋር። እኔ ደግሞ የት ልተኛ።

ሰው ሞልቶኛል አልኳት። የድሮ ሾፌሮች እየመጡ ዳማ እንጫወታለን አልኳት። ደስ አላት። ማን ማን አለች። ሦስት ስም ጠራሁ። አንዱ ሞቷል። ሁለቱ ከአደጋዬ በኋላ አንድ አንድ ጊዜ ደውለዋል፣ ከዚያ የለም። አልፈርድባቸውም። መንገድ ላይ ያለ ሰው ቤት ያለውን ይረሳል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ዳማው የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ። ከሰዓት

ሕመም 3! ሌንሳ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ኦቦ ገመቹ ሲንሳፈፉ ያወራሉ። ጆሯቸው ውሃ ውስጥ ስለሆነ ይጮኻሉ፤ ሴቶቹ ይስቃሉ። ዛሬ ባሕር አይተህ ታውቃለህ አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አይቻለሁ አልኩ። ውሃው እንዴት ነው አሉ። እንጃ፣ አንድም ቀን እግሬን አልነከርኩም፣ ጭነት እጠብቅ ነበር አልኩ። ሲስቁ ጭንቅላታቸው ከመዳፌ ሊያመልጥ ነበር። "አንተ ሰው! ማሎ! ሠላሳ ዓመት ባሕር ዳር ቆመህ?"

እኔም ሳቅኩ። ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

ሚስታቸው ጫልቱ እዚያው አቦምሳ ቀርተዋል፣ ከብቱን ማን ይጠብቅ ብለው። በየቀኑ ማታ ይደውላሉ፣ ጤፉ ቁመቱ እዚህ ደረሰ ይላሉ። ያንተስ ሚስት አሉኝ። ከአራት ዓመት በፊት አረፈች አልኩ። ዓይናቸውን ከሰማዩ አንስተው ወደ እኔ፣ ገልብጠው አዩኝ። ጥሩ ሰው ናቸው።

ማክሰኞን መጠበቅ ጀምሬያለሁ። ቅዳሜ መሃል እንዳለ ረስቼ። ቅዳሜንም።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 8 ሰዓት

ጽሑፌን ይቅር በል።

ለቀቅኳቸው።

እንደ ሁልጊዜው ይዣቸው ነበር። ዛሬ አላወሩም፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊታቸው ውሃው ላይ፣ አፋቸው በትንሹ ተከፍቶ። አስካለን አሰብኩ። እሷ ስትሞት ጅቡቲ ወደብ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ጎረቤት ናት ጭንቅላቷን የያዘችላት። ጎረቤት። ይህን አሰብኩ፣ ከዚያ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ ብቻ መዳፌ ባዶ ነበር።

ሲሰምጡ ድምፅ የለውም። ቀኝ እጃቸው አየሩን ቧጠጠ። ሌንሳ ከነልብሷ ዘለለች። ደግፈን አወጣናቸው፤ አሳላቸው፣ አስታወካቸው፣ ከንፈራቸው ጠቆረ። ሴቶቹ እየጸለዩ ነበር። ቆይቶ ተነፈሱ።

ዳሌዬን ወጋኝ አልኩ፣ ለሌንሳ። እሺ ጋሼ፣ ይከሰታል አለች። አላየችኝም ስትል።

መናኸሪያ ቶሎሳ እየጠበቀ ነበር። ሌንሳ ነገረችው። አባቱን በክንዱ አቅፎ መኪና ውስጥ አስገባ። በሩን ሲዘጋ አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ አየኝ።

ዳሌዬ አልወጋኝም። ለአንተ ብቻ ነው የምጽፈው። ዳሌዬ አልወጋኝም።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

አልሄድኩም። ነፋስ። አቧራው በመስኮቱ ሥር ይገባል። አልተነሳሁም እስከ 5 ሰዓት። ሕመም 7።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

አልሄድኩም።

እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በክራንች ሄጄ፣ ጎማ የሚጠግኑበት ቤት በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከባድ መኪኖች ያልፋሉ። ወደ ታች ሙሉ፣ ወደ ላይ ሙሉ። ሸራ አጥብቆ ያላሠረ አንድ አየሁ፣ ጫፉ ይራገባል። እኔ የወደቅኩት ሸራ ሳስር ነው፣ ከጭነቱ ጫፍ። ልጮህለት አሰብኩ። አለፈ።

ጎማ ጠጋኙ ሰው እየጠበቁ ነው አባት? አለኝ። አዎ አልኩት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ ተነሳሁ። ሰውየው ቀረብዎት እንዴ አለ። ቀረ አልኩ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ። ረፋድ

ሌንሳ ደወለች። ሦስት ቀን ቀሩ፣ ጋሼ፣ ዳሌው ይደርቅብዎታል አለች። ኦቦ ገመቹስ? አልኳት፣ ሰላም እንኳ ሳልላት። እሳቸውም አልመጡም። ደህና ናቸው፣ ሐኪም አይቷቸዋል፣ ሳንባቸው ንጹሕ ነው። ግን ልጁ ከእንግዲህ ውሃ የሚባል የለም ብሏል።

እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው ማለት ነው። እጃቸው መከፈት የጀመረው ገና አሁን ነበር።

ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቅኳት። ነገረችኝ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። አመሻሽ 11 ሰዓት

ሄድኩ። በባጃጅ። ብርቱካን ይዤ። ደጁ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ልመለስ ዞሬያለሁ፤ በክራንች መዞር ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፣ እዚያው ላይ እያለሁ ቶሎሳ በሩን ከፈተው።

ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት አልኩት። "ግድ የለም ጋሽ ደምሴ፣ አለፈ" አለ። ግን ከበሩ አልተነቃነቀም። አባቴ ተኝተዋል አለ። ከውስጥ ድምፅ መጣ፣ በኦሮምኛ፣ ቁጣ። ቶሎሳ ዓይኑን ጨፈነ፣ ተነቃነቀ።

አልጋ ላይ ነበሩ። ግራ እጃቸው ጡጫ ሆኗል እንደገና። ወንበር አሳዩኝ። ተቀመጥኩ፣ የመጣሁበትን ጀመርኩ። ዳሌዬ አልወጋኝም ነበር አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ወደቡን። ጎረቤቷን። ቶሎሳ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል፣ ይስማ።

ስጨርስ ኦቦ ገመቹ ተቆጡ። እንዲህ ይቆጣሉ ብዬ አላሰብኩም። አፋቸው ሲናደዱ ይበልጥ ይያያዛል፣ ቀስ ብለው ነው ያወጡት፦

"ውሃ መጠጣት ምንድነው? ውሃ ነው፣ ጠጣሁ። ስምንት ቀን! ስምንት ቀን እዚህ ተኝቼ በሩን አያለሁ። ልጄ ሱቅ ነው። ምራቴ ሥራ ነው። ደምሴ ይመጣል፣ ዛሬ ይመጣል እላለሁ። የት ነበርክ?"

ቤቴ አልኩ።

"ብቻህን?"

ብቻዬን።

"እኔም ብቻዬን" አሉ። "ሞኝ ነህ።"

እኔኮ የሚጠብቀኝ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም። አንድም ቀን አልመጣልኝም።

ብርቱካኑን ልጬላቸው በላን። ስወጣ ቶሎሳ እስከ ባጃጁ ደገፈኝ። ቅዳሜ አመጣቸዋለሁ፣ አጨዳ ደርሷል ብለው ሊሄዱ ነው፣ እምቢ ብዬ አልችላቸውም፣ ከመሄዳቸው በፊት ውሃውን ይፈልጋሉ አለ። ቆይቶ፦ "አደራ ግን ጋሽ ደምሴ።" ራሴን ነቀነቅኩ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። ቀን 6 ሰዓት

ቶሎሳም አብሮ መጣ። ሱቁን ዘግቶ። ጫማውን ሳያወልቅ ዳር ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲያየን ዋለ።

መዳፌን ዘረጋሁ፣ ኦቦ ገመቹ ጀርባቸውን ይሰጡኛል ብዬ። አልሰጡኝም። "ዛሬ አንተ" አሉ።

በአንድ እጅ? አልኳቸው። "አንድ እጅ አለኝ። አንተ ሁለት ነበረህ" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ፣ ሌንሳም ሳቋን ለመያዝ ፊቷን አዞረች፣ ቶሎሳ እንኳ።

ሌንሳ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ረጅም የስፖንጅ ዱላ ከወገቤ ሥር አደረገችልኝ። ተኛሁ። ማለት፣ ልተኛ ሞከርኩ። አንገቴ አልለቅ አለ። መጀመሪያ ሰማዩን፣ ከዚያ የኦቦ ገመቹን አገጭ ገልብጬ አየሁ። እጃቸው ሻካራ ነው፣ አንድ እጅ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚደርስ።

ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓለም ተዘጋ። የራሴን ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ። ቀኝ እግሬ ፍሬን ሲፈልግ ተሰማኝ። የለም። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ተወው።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ስነሳ ፊቴ እርጥብ ነበር፣ ውሃ ውስጥ ስለሆንኩ ማንም አልጠየቀኝም። ኦቦ ገመቹ ግን "ገባህ?" አሉ።

ሕመም፦ ረሳሁት። ለሌንሳ 2 ብዬ እጽፋለሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ሄዱ። መናኸሪያ ሸኘኋቸው፣ የአቦምሳ አውቶቡስ። መስኮት ዳር ተቀመጡ። ማጨድ አልችልም፣ ግን ዳር ተቀምጬ ሲያጭዱ እሳደባለሁ አሉ። ሌንሳ የእጅ እንቅስቃሴውን በወረቀት ሥላ ሰጥታቸዋለች፦ ክንዱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ሌላ ሰው ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዘረጋል፣ ክርኑን ያጥፋል፣ ቀስ እያለ። ለኔም አሳይታኛለች፣ ቶሎሳም አይቷል።

"ነጋቲ" አሉ፣ ደህና ሁን ማለታቸው ነው። አውቶቡሱ ሲወጣ ቀኝ እጃቸው መስታወቱ ላይ ነበር።

ከመናኸሪያ ሚኒባሷ ወደ ፍል ውሃው ሄደች። ሳልሳፈር ቀረሁ። እግሬ እምቢ አለ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ሄድኩ፣ እንደምንም። ተራመድኩ። አርባ ጊዜ፣ ከግድግዳ ግድግዳ። ሌንሳ እኔ ልያዝዎት አለችኝ ለመንሳፈፉ። እሺ አልኩ። ያዘችኝ። ጥሩ ነበር። ጥሩ ነው እንጂ። ግን የምትይዘኝ ሥራዋ ስለሆነ ነው፤ ሰዓቷን እያየች ነው።

ጾም ገብቷል። ክፍል የተከራዩኝ ተማሪዎች ፈተና ላይ ናቸው። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ማቀዝቀዣው ብቻ።

ሕመም 3።

ኅዳር 19፣ ዓርብ። አመሻሽ

ስልክ። የማላውቀው ቁጥር። ወ/ሮ ጫልቱ ናቸው፣ የኦቦ ገ. ባለቤት። አማርኛቸው ትንሽ ነው፣ ኦሮምኛዬ ደግሞ የመንገድ ነው፣ እንደምንም ተግባባን። አጨዳ ላይ ነው ሁሉም ሰው። ወረቀቱን የሚያነብ የለም። ሽማግሌው ማንንም እጄን አትንኩ ይላል። ጡጫው ጠብቋል።

ከዚያ ኦቦ ገመቹ ራሳቸው ስልኩን ነጠቁ። "አንተ ሰው፣ እነዚህ እንደ በሬ ነው የሚጎትቱኝ!" ሳቁ፣ ከዚያ ዝም አሉ። መስመሩ ተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አለሁ አሉ። አለሁ ብቻ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ። ረፋድ

ከውሃው በኋላ ሌንሳን ጠየቅኳት። ዳሌዬ የአቦምሳን መንገድ ይችላል ወይ። ሁለት ቦታ ወርደው ይራመዱ፣ ከሥርዎ ትራስ ያድርጉ አለች። ለስንት ጊዜ ነው? እንጃ አልኩ። የጣቶቹን ነገር እንደገና አሳዪኝ አልኳት። በራሷ እጅ ላይ አለማመደችኝ፤ አውራ ጣት መጨረሻ ነው፣ እሱን ከጀመሩ ይደነግጣል አለች።

ኅዳር 21፣ እሑድ። ከሰዓት

ሳምራዊት ደወለች። ዳማ የሚባል የለም አልኳት። ማንም አይመጣም፣ ዋሽቼሽ ነው አልኳት። ሕፃኑ ከኋላ ያለቅሳል። እያለቀሰች ነው መሰለኝ፣ እሷም። ለምን አባዬ አለች። አትዘኚ፣ ስመለስ ዱከም መጥቼ ሁለት ቀን አድራለሁ፣ ወለል ላይም ቢሆን አልኳት።

ከየት ነው የምትመለሰው አለች።

አቦምሳ ልሄድ ነው፣ ነገ።

"አቦምሳ? አባዬ፣ አቦምሳ ደግሞ ማን አለህ?"

ሰው አለኝ አልኳት።

ኅዳር 22፣ ሰኞ። ከንጋቱ 11፡30

ቦርሳ ተዘግቷል። ቁምጣ፣ ፎጣ፣ ትራስ፣ የሌንሳ ወረቀት (አዲስ አስገለበጥኩ፣ በትልቅ ጽሑፍ)። ለተማሪዎቹ ቁልፍ ተውኩላቸው። ጋሼ፣ እንዴት ብቻዎን አሉ። ሰላም በሉኝ አልኩ።

ከወደቅኩ ወዲህ ረጅም መንገድ የመጀመሪያዬ ነው፣ ያውም ተሳፋሪ ሆኜ። ከሾፌሩ ጎን አልቀመጥም። መሃል፣ መስኮት ዳር። እግሬን ዘርግቼ። መንገዱ የሱ ነው።

ቆይ፣ ባጃጁ ደረሰ፣ በሩ ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ነው።